የማይንቀሳቀስ ምልክት

ዲሴምበር 3፣ ረቡዕ

ይህን ደብተር የሰጡኝ አባ ሱሳይ ናቸው። ንስሐ ስገባ የጎረቤቴን የሳንታናማሪን አማት፣ ያቺን የሞተችውን አሮጊት፣ ሦስት ጊዜ እንደ ረገምኳት ተናዘዝኩ። አባም ከእንግዲህ መራገም ሲያምርሽ ጻፊ አሉኝ። ስንት ገጽ እንደሆነ አልነገሩኝም። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ እጄም ዘገምተኛ ነው። አንድ ገጽ እስክሞላ አንድ ድስት ሩዝ በስሎ ያርራል።

የረገምኳት ያለ ምክንያት አይደለም። በጁን ወር ስትቀበር ጉድጓዷን ወደ ልጄ ወደ ዲክሰን መቃብር አስጠግተው ቆፈሩት። በሕይወት ሳለችም ልብሷን የምታሰጣው ሰው ግቢ ነበር።

ዛሬ ግን ከእሷ የባሰ መጣ። የሰበካው ጸሐፊ ጋሼ ሳቫስቲ የመካነ መቃብሩ በር ላይ ወረቀት ለጥፈዋል። "ዓመት የሞላው ሆኖ የማይንቀሳቀስ ምልክት የሌለው መቃብር ቦታው ለሌላ ሟች ይሰጣል" ይላል። ቦታው ጠባብ ነው፣ ይገባኛል። በአንድ ወገን ባሕሩ፣ በሌላው ወገን የጨው ማምረቻው፤ ሙታን ወዴት ይስፉ? ግን ዲክሰን ጃንዋሪ 23 ዓመት ይሞላዋል። ያለው የእንጨት መስቀል ብቻ ነው። ጋሼ ሳቫስቲ በሁለት ጣታቸው ነቀነቁትና "ይሄ ይንቀሳቀሳል" ብለው መዝገባቸው ላይ ጻፉ።

የቀረኝ ሃምሳ አንድ ቀን ነው።

ዲሴምበር 4፣ ሐሙስ

ካይታን መፍትሔ አገኘሁ አለ። ባሌ የሚናገረው በወር አንዴ ነው፤ ስለዚህ ሥራዬን አቁሜ ሰማሁት። ወንድሙ መታጠቢያ ቤት ሲያሠራ የተረፈ ሴራሚክ አለው፤ ሲሚንቶም አለ፤ በአንድ ቀን መቃብሩን እናለብሰዋለን ነው የሚለው። ሄጄ ሴራሚኩን አየሁት። ሮዝ ነው። ዳክዬ አለበት።

"ልጄ ሃያ አንድ ዓመቱ ነው" አልኩት። "ዳክዬ ምን ያደርግለታል?"

"በሲሚንቶ የተያዘ ዳክዬ አይንቀሳቀስም" አለ። የወሩን ንግግር ጨረሰ።

እኔ በዛጎል እሸፍነዋለሁ። ዲክሰን ባሕር እየጠለቀ ዛጎል ያወጣ ነበር። ነጋዴ የማይወስደውን፣ ጠማማውንና ዝንጉርጉሩን ለእኔ ያመጣልኝና መስኮቱ ላይ ይደረድረዋል። እንግዳ ሲመጣ ከራሱ ስም እየፈጠረ ያስተምራል። ይህ የጳጳሱ ጆሮ ነው፣ ይህ የአማት ክርን ነው፣ ይህቺ ደግሞ የምታዛጋዋ መበለት ትባላለች። አንዲት አስተማሪ ሁሉንም ጽፋ ሄዳለች። እስከ ዛሬ ተማሪ ሳታስተምርበት አልቀረችም።

ዲሴምበር 6፣ ቅዳሜ

የዚህ ወር ነፋስ ባሕሩን ከሥሩ ገልብጦ ዳር ላይ ያሰጣዋል። ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ብርዱ ብርድ ነው። ወንዶቹ ሁሉ ዓይናቸው ብቻ የሚታይበት የሱፍ ኮፍያ አጥልቀው ዳር ዳሩን ተቀምጠዋል፤ ባንክ ሊዘርፉ የመጡ ሽማግሌዎች ይመስላሉ።

ባሕሩ ያልተፋው ነገር የለም። ኮከብ ዓሣ አምስት፣ አንዷ ባለ አራት እግር። የባሕር ጃርት። ወጥ የመሰለ የሚንቀጠቀጥ ነገር፤ የረገጠው ሰው ቀኑን ሙሉ እግሩን ሲያክ ይውላል። አንድ ነጠላ ጫማ። ኮከብ ዓሣዎቹን ወደ ውሃው መለስኳቸው፤ ነጠላ ጫማውን ተውኩት።

ዛጎል የማነሣው በሥርዓት ነው። መጀመሪያ በጥፍሬ አንኳኳለሁ። ሰው ቤት ሲገባ እንደሚደረገው ሦስት ጊዜ። መልስ ከሌለ ባዶ ነው ማለት ነው፤ እቅርጫቴ ይገባል። ሃያ ሦስት አገኘሁ፣ ሁሉም ያማሩ።

ዲሴምበር 7፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ደረደርኳቸው። ከእግሩ በኩል ጀመርኩ። የትናንቶቹና የዛሬዎቹ ተደምረው አርባ ሆኑ። ትንሽ እርጥብ የባሕር ሣር አለበስኳቸው፣ ለጌጥ። የሮዝ ዳክዬ ከዚህ ይበልጣል የሚል ሰው ካለ ይምጣ።

ዲሴምበር 8፣ ሰኞ

አሥራ አንድ ጠፍቷል።

ዲሴምበር 9፣ ማክሰኞ

ማክሰኞ ነው። አልጽፍም።

ዲሴምበር 10፣ ረቡዕ

ሌባው ተገኘ። የሳንታናማሪ አማት መቃብር ላይ ስድስት ዛጎል አየሁ። የኔ ናቸው፤ እያንዳንዱን አውቀዋለሁ። አንዱ ራስጌዋ ላይ እንደ ባርኔጣ ቁጭ ብሏል።

ሳንታናማሪ ዓሣ ስታደርቅ አገኘኋት። የሙት ልጅ ጌጥ መስረቅ ነውር ነው አልኳት። እሷም እጇን ሳታቆም፣ አማቷ በቁሟም ሳለች ከጉልበቷ ዝቅ ማለት እንደማትችል፣ አሁን ተነሥታ ዛጎል ትለቅማለች ብሎ የሚያስብ ሰው ሐኪም እንደሚያስፈልገው ነገረችኝ። እሷን ሳይሆን አንቺን ነው የምልሽ አልኳት።

"እኔ?" አለች። "እቴ፣ እኔ ለዚያች ሴትዮ ጌጥ ልሰርቅ? ሃያ ስድስት ዓመት አብሬያት ኖሬ አንድ ጽጌረዳ እንኳ አላስቀመጥኩላት።"

ይህ እውነት መሆኑን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ቢሆንም ስድስቱን ወስጄ ወደ ቦታቸው መለስኩ።

ዲሴምበር 13፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሠላሳ። ጠዋት ዘጠኝ ጠፍቶ ነበር።

ዳር ላይ ያሉት ሴቶች ዛጎሉን ቀቅይው አሉኝ። ሁሉም የሚያደርገው ነው፤ የፈላ ውሃ ውስጥ ይጨመራል፣ ውስጡ ያለው ነገር ካለ ይወጣል፣ ዛጎሉ ነጽቶ ይደርቃል። የኔዎቹ ባዶ ናቸው፣ አንኳኩቻለሁ አልኳቸው። ደግሞም ድስቴ እንዲሸት አልፈልግም። አንዲት ድስት ናት ያለችኝ።

ስሄድ ከኋላዬ፣ "ሴትዮዋ የዛጎል ቤት ማንኳኳት ጀመረች" ስትል ሰማሁ አንዷን። ስለ ማን እንዳለች አላውቅም። ሁለተኛዋ ተይ ኃጢአት ነው እያለች ሳቀች። እኔም ቤቴ ገብቼ ትንሽ ሳቅሁ። ከዚያ ደነገጥኩ፤ በሩን ዘጋሁት።

ዲሴምበር 16፣ ማክሰኞ

ዝናብ። ባሕሩ ጥቁር ነው።

የዲክሰን ትኩሳት የጀመረው እሑድ ነበር። ሰኞ በርበሬ የበዛበት ሾርባ ሠራሁለት፣ ጠጣ፣ "እማ፣ ይሄ ሾርባ ትኩሳቱን ሳይሆን እኔን ነው የሚያባርረው" ብሎ አሳቀኝ። ሲያስቀኝ ተሽሎታል አልኩ። ሐኪም ቤት የወሰድነው ረቡዕ ነው። ማክሰኞ ሙሉ ቀን ሾርባ ሳሞቅ ዋልኩ።

ሌላ የምጽፈው የለም። ዛጎል አሥራ ሦስት፣ በዝናብ።

ዲሴምበር 19፣ ዓርብ

አንድ ነገር ተለወጠ። ትናንት ማታ የተውኳቸው ተበታትነው ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ስደርስ ተመልሰው ተደርድረዋል። እኔ እንደማደርገው ሳይሆን ቀጥ ባለ መስመር፣ እኩል እኩል ርቀት፣ መረብ ላይ እንደሚታሰር ተንሳፋፊ። ሳንታናማሪ ተጸጽታ ይሆናል። ሴትዮዋ ይህን ያህል መስመር ማስተካከል ትችላለች ብዬ ግን አልጠረጠርኩም፤ የግቢዋ አጥር እንኳ ሰክሯል።

ካይታን ጉልበቱ ላይ አሸዋ ይዞ ለሻይ መጣ። መረብ ሲጠግን ውሎ ነው።

ዲሴምበር 22፣ ሰኞ

አበስኩ ገበርኩ። እያቋረጥኩ ነው የምጽፈው። የሚያቋርጠኝ ሳቅ ነው እንጂ ሌላ አይደለም፤ ደብተሩን የሚያነብ ሰው ካለ ይህን ይወቅልኝ።

ጠዋት ወደ መቃብሩ ስሄድ ጩኸት ሰማሁ። ሳንታናማሪ በሩ ላይ ተንበርክካ የቅዱሳንን ሁሉ ጸሎት ታወርዳለች። ከፊቷ በመንገዱ መሐል ሰባት ዛጎል በአንድ ረድፍ ይሄዳል። አንዱ ሌላውን ተከትሎ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ በዓል ዑደት። የፊተኛው ትልቅ ነው፤ ጳጳሱ ይመስላል። የመጨረሻው ትንሽ ሆኖ እየተጎተተ፣ አንዳንዴ እየተገለበጠ ይመጣል።

"ስለ እኛ ለምኑልን" ትላለች ሳንታናማሪ ለዛጎሉ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሰባቱም ወገባቸው ላይ በናይሎን ክር ታስረው እርስ በርስ ተያይዘዋል። እንዳይጠፉ ብሎ ያሰራቸው ሰው አለ። የፊተኛው ውስጥ ደግሞ ተከራይ አለ። ተከራይ የምንለው ያንን የራሱ ቤት የሌለውን፣ የሞተ ቀንድ አውጣ ቤት ውስጥ የሚገባውን ሸርጣን ነው። እሱ ወደ ባሕሩ ሲሄድ ሌሎቹን ጎትቷቸው ነው።

ለሳንታናማሪ አሳየኋት። ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈች። ለሸርጣን ጸሎት ማድረሷን ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ። ማልኩ። ለደብተር አልናገርም ግን አላልኩም።

ቋጠሮውን አየሁት። ሁለት ጊዜ ዞሮ በራሱ ሥር የሚያልፍ ነው። ይህን ዓይነት ቋጠሮ ብዙ ዓሣ አጥማጅ ያውቀዋል።

ተከራይ ያለባት ያቺ የፊተኛዋ ብቻ ናት። ሳታመልጠኝ አልቀረችም፣ አንድ ጊዜ ብቻ አንኳኩቼ ይሆናል።

ዲሴምበር 25፣ ሐሙስ

ገና። መንደሩ ሁሉ የወረቀት ኮከብ ሰቅሏል። የሐዘን ቤት በመጀመሪያው ዓመት ኮከብ አይሰቅልም፣ ዘይትም አያሞቅም። ጣፋጩን ጎረቤት ነው የሚያመጣው። ሳንታናማሪ አንድ ጎድጓዳ ሳሕን ሙሉ የሩዝ ዱቄት ጥብስ ይዛ መጣች፤ ያ ጥምዝምዙ።

"ካልተቆረጠመልሽ አፍልተሽ ብይው" አለችኝ። "አንቺ ማፍላት ስለማትወጂ ግን ጥርስሽን አምጪ።"

ካይታን ሳቀ። እሱ ሲስቅ እኔ ጥምዝምዙን ቆጠርኩ። አሥራ ዘጠኝ ነበር።

ዲሴምበር 28፣ እሑድ

የዑደቱ ወሬ ወጣ። እኔ አላወጣሁትም፤ ሳንታናማሪ ራሷ ናት ለአምስት ሰው በምስጢር የነገረችው። አንዳንዱ የዲክሰን ነፍስ ነው አለ፣ አንዳንዱ የአሮጊቷ ስስት ነው አለ። የሁለተኛው ሐሳብ ደጋፊዎች በዝተዋል።

ጋሼ ሳቫስቲ ከቅዳሴ በኋላ ጠሩኝ። እኚህ ሰው ያልነቀነቁት ነገር የለም፤ አግዳሚ ወንበር፣ ሻማ ማስቀመጫ፣ ስብከት ላይ የተኙ ሽማግሌ። እኔን ግን አልነቀነቁኝም። ረጋ ብለው፣ ወረቀቱ የማይንቀሳቀስ ነው የሚለው፣ ያንቺ ግን እስከ መንገድ ድረስ ሄዷል አሉኝ። እኔም፣ የሚያዩት ዛጎል ነው፤ ዛጎል ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ አይሄድም አልኩ። ጃንዋሪ 20 መጥቼ አያለሁ አሉ። ሃያ ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ አይሆንም አልኳቸው። ለምን ብለው አልጠየቁም። ረቡዕ ተባለ።

ጃንዋሪ 2፣ ዓርብ

በጠራራ ፀሐይ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ የዛሬውን ቅርጫት ሳጸዳ አንዱ እጄ ላይ እግር አወጣ። ቀይ፣ ቀጭን፣ ጫፉ ጸጉር ያለው። ቀጥሎ ሁለት ዓይን በእንጨት ላይ እንደ ተሰካ ብቅ አለ። አየኝ። እኔም አየሁት። ማን እንደ አንኳኳ ለማየት የወጣ ነው የሚመስለው፣ ብዙ ዘግይቶ።

ከዚያ ሌላው። ከዚያ ቅርጫቱ ሁሉ።

ይህቺን እውነት እጽፋታለሁ፤ ሳላውቅ አልቀረሁም። በባሕሩ ዳር ተወልጄ ተከራይና ባዶ ቤት መለየት አይጠፋኝም። ግን ባዶው ሁሉ የተሰበረ ነው። ያማረ ቤት ሁሉ ሰው አለበት። ለልጄ ስብርባሪ አልሰጠውም።

ሌላ ነገርም አየሁ። ትልቁ ተከራይ ከቤቱ ወጥቶ፣ ራቁቱን እየተጣደፈ፣ ቅርጫቱ ጥግ ያለ ሌላ ቤት ገባ። መካከለኛው ሮጦ የትልቁን ቤት ያዘ። ትንሹ የመካከለኛውን። አንድ ደቂቃ ውስጥ ሦስት አባወራ ቤት ቀየረ፣ ያለ ደላላ። የትንሹ አሮጌ ቤት ብቻ ቀረ። ኩርምት ያለ ነው፣ ለማንም አይሆንም።

እሳት አነደድኩ። ድስቱን ጣድኩ። ሴቶቹ ትክክል ናቸው፤ አፍልቼ ብጨርሰው ዛጎሉ ይደርቃል፣ በሲሚንቶ ይያዛል፣ ጋሼ ሳቫስቲ እስኪደክማቸው ይነቅንቁት። ውሃው ማፏጨት ጀመረ። ቅርጫቱን አነሣሁ። ትንሹ ዓይኑን አውጥቶ እንፋሎቱን ያያል።

እኔ ሙቀት እንዴት እንደሚጨምር ተቀምጬ አይቻለሁ። ከሰዓት ወደ ሰዓት።

ቅርጫቱን መልሼ አስቀመጥኩና ድስቱ ውስጥ ሩዝ ጨመርኩ። ካይታን ዛሬ ምሳ ቶሎ ደረሰ አለ።

ጃንዋሪ 5፣ ሰኞ

ዓሣ አጥማጁ ባሌ ዛሬ ወር ሳይሞላው ሁለተኛ ጊዜ ተናገረ። ሴራሚኩን ላምጣው ወይ አለ። አታምጣው አልኩ። ቦታውን ይወስዱብናል አለ። አይወስዱብንም አልኩ። እንዴት አለ።

"እስኪ እሱን አንተ ንገረኝ" አልኩት። "በናይሎን ማሰሩም አላዋጣህም።"

ሻይውን ጠጣ። ጆሮው ግን እንደ ተቀቀለ ሸርጣን ቀላ።

ጃንዋሪ 9፣ ዓርብ

ሥራው እንዲህ ሆኗል። ጠዋት ዳር ወጥቼ ከትናንቶቹ ሄደው የቀሩትን እፈልጋለሁ፤ ግማሾቹን መልኬ ስለለመዱ ነው መሰለኝ መልሼ አገኛቸዋለሁ። እደረድራለሁ። የተፋቀ ኮኮናት ጣል አደርጋለሁ፣ ለጉንዳኖቹ። የባሕር ሣሩን ውሃ አጠጣለሁ። ማታ ፀሐይ ሲበርድ እሄድና ስንቱ እንደ ቀረ አያለሁ። ሳንታናማሪ አማቷ ላይ የወጡትን ሰብስባ በሳሕን ታመጣልኛለች። ዛሬ፣ "አንቺ፣ ልጆችሽ መሽቶባቸው እኔ ቤት አድረው ነበር" አለችኝ።

ልጆችሽ አለች። ከዚያ አፏን ያዘች። እኔ ሳሕኑን ተቀብዬ አመሰገንኩ። ምንም አልሆንኩም።

ጃንዋሪ 15፣ ሐሙስ

የሂንዱ ጎረቤቶቻችን የመከር በዓል ነው። ጣፋጭ ሩዝ ላኩልን። ለተከራዮቹ ጥቂት ወሰድኩ። ከኮኮናት ይልቅ ወደዱት። ለጉንዳኖቹ ማለቴ ነው።

ጃንዋሪ 18፣ እሑድ

አንድ ነገር አስተዋልኩ። እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይዋ ስትነድ፣ አንዱም አይንቀሳቀስም። ሁሉም ወደ ውስጥ ገብቶ በሩን በትልቁ ጥፍሩ ይዘጋል። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አየሁ፤ ስድስት ሰዓት ላይ አየሁ፤ ሰባት ሰዓት ላይ አየሁ። ድንጋይ።

ወደ ጋሼ ሳቫስቲ ሄጄ የረቡዑን ጉብኝት ስድስት ሰዓት እንዲያደርጉት ለመንኩ። ጠዋት ጉልበቴን ያመኛል አልኩ። ጉልበቴን አያመኝም። ይህን ለአባ ሱሳይ መናዘዝ አለብኝ፤ ግን ከረቡዕ በኋላ።

ጃንዋሪ 20፣ ማክሰኞ

ዛሬም ወጣሁ። ስልሳ ሁለት ዛጎል። ከራስጌ እስከ ግርጌ አንዲት ጣት የሚያስገባ ባዶ ቦታ የለም።

ጃንዋሪ 21፣ ረቡዕ

ጋሼ ሳቫስቲ ጃንጥላቸውን፣ መዝገባቸውንና የሱፍ ኮፍያቸውን ይዘው በልክ ስድስት ሰዓት መጡ። ሙቀቱ ዓሣ ያደርቃል፤ ኮፍያው ለክብር ነው። መነጽራቸውን አድርገው መቃብሩን ዞሩ። አንዱን ዛጎል በጃንጥላው ጫፍ ነኩ። ዝም። ሌላውን ነኩ። ዝም። ጎንበስ ብለው መሐል ያለውን በጣታቸው ነቀነቁ።  ሳንታናማሪ አማቷ መቃብር ላይ ተቀምጣ አበባ የምታስተካክል መስላለች፤ በሃያ ስድስት ዓመት የመጀመሪያዋ አበባ ናት።

"አይንቀሳቀስም" አሉ። በእርሳስ ጻፉ። ላባቸውን ጠረጉ፣ ሄዱ።

ከሳንታናማሪ ጋር ተቃቅፈን ዘለልን። የሃምሳ ዓመት ሴቶች ነን፣ መካነ መቃብር ውስጥ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደ ልማዴ ተመለስኩ። ፀሐይዋ በርዳለች፣ ከባሕሩ ቀዝቃዛ ነፋስ ይመጣል። በሮቹ ሁሉ ተከፈቱ። መጀመሪያ አንዱ፣ ከዚያ ሁሉም፤ ስልሳ ሁለቱም ተነሥተው ወደ ባሕሩ ጉዞ ጀመሩ። ድምፃቸው ደረቅ ቅጠል ላይ ዝናብ ሲጥል ይመስላል። አንዱ የእግር ጣቴን ተሻግሮ ሄደ። ቁጭ ብዬ ሳይ፣ ከኋላዬ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

ጋሼ ሳቫስቲ ናቸው። መነጽራቸውን መስቀሉ ላይ ሰቅለው ረስተው ነበር።

 አንድ ትልቅ ዛጎል መጥቶ ጫማቸውን ሲገፋ እግራቸውን አንሥተው አሳለፉት። አሁንም ድንጋይ ነው ልበል?

"ቪያጉላም" ብለው በስሜ ጠሩኝ በመጨረሻ። "እነዚህን ማን ይመልሳቸዋል?"

"እኔ።"

"መቼ?"

"ጠዋት። ማታ ደግሞ መጥቼ አያለሁ።"

"በዝናብም?"

"ጃንጥላ አለኝ።"

"በዓመቱ ውስጥ ቀርተሽ ታውቂያለሽ?"

"አልቀረሁም" አልኩ። ከዚያ ሳላስበው፣ "አንድ ማክሰኞ ብቻ ነው የዘገየሁት" አልኳቸው።

ጋሼ ሳቫስቲ ያን ሳምንት የልጄን ሬሳ የተሸከሙ ሰው ናቸው።  መነጽራቸውን ከመስቀሉ ላይ ወሰዱ፣ መዝገቡን ገለጡ፣ ከኪሳቸው ላጲስ አወጡ። የጻፉትን ሲያጠፉ አየሁ። ፍርፋሪውን እፍ ብለው አራገፉና ሄዱ።

ጃንዋሪ 22፣ ሐሙስ

ለካይታን ነገርኩት። ሳይናገር ወጣ። ሲመለስ አንድ ካርቶን ሴራሚክ በትከሻው ተሸክሟል። በሩ ሥር አስቀመጠው። ሁለታችንም ዳክዬዎቹን አየናቸው። ዳክዬዎቹም አዩን።

"ነገ መዝገቡ ይነበባል" አለኝ። "ስሙ ካልተጠራ ከሰዓት እሠራዋለሁ። አንቺ አትመልከቺ።"

እሺ አልኩት። ዳክዬም ቢሆን ቦታው ይትረፍልኝ። ይህን ሳልጽፍ ብቆይ ደስ ይለኝ ነበር።

ጃንዋሪ 23፣ ዓርብ

የዓመቱ ቅዳሴ ሆነ። አባ ሱሳይ ስሙን ሲጠሩ አልወደቅሁም። ካይታን ክንዴን ይዞኝ ነበር፣ ወይም እኔ የእሱን።

ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ ሳቫስቲ መዝገቡን ይዘው መካነ መቃብሩ በር ላይ ቆሙ። ሕዝቡ ተሰብስቧል፤ የሁሉም ሰው ዘመድ እዚያ ነውና። እየጮኹ አነበቡ። የእገሌ፣ የማይንቀሳቀስ ምልክት፣ እብነ በረድ። የእገሊት፣ የማይንቀሳቀስ ምልክት፣ ሲሚንቶ። የሳንታናማሪ አማት፣ የማይንቀሳቀስ ምልክት፣ ጥቁር ድንጋይ፤ እዚህ ላይ ሳንታናማሪ፣ በሕይወት ሳለችም አትንቀሳቀስም ነበር ብላ አጉረመረመች።

ከዚያ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

"የዲክሰን ካይታን መቃብር" አሉ። "የማይንቀሳቀስ ምልክት፣ እናቱ።"

 አንድ ሰው ከኋላ፣ እናት በሕጉ ይፈቀዳል ወይ ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ሳቫስቲ መዝገቡን ዘጉና እንዲህ አሉ፤ ወረቀቱ የማይንቀሳቀስ ይላል እንጂ ከምን እንደሚሠራ አይልም፤ እኔ የዚህን ግቢ ነገር ሁሉ ነቅንቄ አውቃለሁ፤ ይህችን ሴትዮ ከዚያ መቃብር ላይ እነቅላለሁ የሚል ካለ ይምጣና ይሞክር።

ማንም አልሞከረም። ሳንታናማሪ ግን ወደ እኔ ቀረበችና በአንድ ጣቷ ትከሻዬን ነቅነቅ አደረገችኝ።

"ጠንካራ ነው" አለች ለሕዝቡ። "ምስጥም የለበትም።"

ሰው ሳቀ። አባ ሱሳይም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔም ሳቅሁ፣ በአደባባይ፣ በዓመቱ ቀን፣ ድምፅ አውጥቼ። በር የምዘጋበት ቦታ አልነበረም። ስስቅ እንባዬ መጣ፤ የትኛው የትኛውን እንዳመጣው አላውቅም። ካይታን የሱፍ ኮፍያውን እስከ አገጩ ሳበው።

ቤት ስንደርስ ዳክዬዎቹን ወደ ወንድሙ ለመመለስ አነሣቸው። ተው አልኩት። የመታጠቢያ ቤታችን ወለል ተሰባብሯል፤ እዚያ ያማሩ ይሆናሉ።

ሩዝ አልቋል፣ ዘይትም የለም፤ ጸጉሬንም ካጠብኩት ሳምንት ሆኖኛል። ዛጎሉን ነገ ካይታን ይደርድር፣ በፈለገው መስመር። ምልክቱ ነገ ጠዋት ከሳንታናማሪ ጋር ወደ ገበያ ይንቀሳቀሳል።